ከሾፌሩ ጀርባ ያለው ወንበር

በንጉሡ ዘመን ዲላ ማስተማር በጀመርኩበት ዓመት፣ ከአንድ ልብስ ሰፊና ከታላቅ እኅቱ ጋር በአንድ ግቢ ተከራይቼ እኖር ነበር። ልብስ ሰፊው ከይርጋጨፌ የመጣ ቀልደኛ ሰው ነበር። ክረምቱ ሲወጣ ግን የስፌት መኪናውን ተወ። ግድግዳው ውስጥ ሰዎች እንደሚያወሩበት፣ እኅቱ የምታቀርብለትን ምግብም እንዳይቀምስ እንደሚያስጠነቅቁት ነገረኝ።

ማስረዳት እወዳለሁ። እጁን ይዤ ግድግዳውን ከውስጥም ከውጭም አዞርኩት፤ እንጨትና ጭቃ ብቻ መሆኑን፣ ሰው የሚደበቅበት ክፍተት እንደሌለው በቅደም ተከተል አሳየሁት። በትዕግሥት አዳመጠኝና፣

«መምህር፣ አንተ ስትመጣ ዝም ይላሉ። ተንኮለኞች ናቸው» አለኝ።

በማግስቱ ወደ ጤና ጣቢያው ሄጄ ድሬሰሩን፣ የሕክምና ረዳቱን፣ ስለ ልብስ ሰፊው ጠየቅሁት።

«ሰውየው አልዋሸህም» አለኝ። «ያ ድምፅ ለእሱ እንደ እኔ ድምፅ እውነት ነው። ብትከራከረው አትረታውም፤ አዎ ብለህ ብታጨበጭብለትም ይብስበታል። መፍራቱን ግን ጠይቀው።»

ስኪዞፍሬንያ የሚሉት ሕመም ሊሆን እንደሚችል፣ አዲስ አበባም ሐኪምና ክኒን እንዳለው ነገረኝ። ወደ ቤት የተመለስኩት እየሮጥኩ ነበር ማለት ይቻላል። እርግማን አይደለም፣ ስንፍናም አይደለም! ምግብ እምቢ ማለቱ ራሱ ገባኝ። የራሴ ጆሮ «ተመርዟል» ቢለኝ እኔስ እጎርስ ነበር? ያን ቀን ክፍል ውስጥ ሂሳብ ሳስተምር እንኳ ሐሳቤ እዚያው ነበር።

ወንድሞቹ ግን ገመድ ይዘው ከይርጋጨፌ መጡ። የቡና ለቀማው ሳይደርስ ወደ አባታቸው ቤት ወስደው፣ እስኪለቀው ድረስ ምሰሶ ላይ ሊያስሩት ነበር። እኅቲቱ በሩ ላይ ቆመች።

«ወንድሜን እንደ ሌባ አስራችሁ በከተማው መሐል አትነዱትም። ነገ በገዛ እግሩ አውቶቡስ ላይ ከወጣ አዲስ አበባ አሳክመዋለሁ። እምቢ ካለ ያላችሁትን አድርጉ።»

ልብስ ሰፊው ጠዋት ከአውቶቡሱ በር ሲደርስ ተገተረ። ሰው ከኋላው ይገፋል፣ ረዳቱ ይጮኻል። ታላቅ ወንድሙ ገመዱን ከትከሻው አወረደ። እኔ ስለ ሾፌሩ ልምድና ስለ ፍሬኑ ማብራራት ጀምሬ ነበር፤ ድሬሰሩ ትዝ ሲለኝ ተውኩት።

«አሁን ምን ይሉሃል?»

«ትገለበጣላችሁ ይላሉ።»

«ያስፈራል።»

«በጣም ያስፈራል፣ መምህር።»

«እኔ አልሰማቸውም፤ አንተ ግን እንደምትሰማቸው አምናለሁ። ምን ብናደርግ ይቀልሃል?»

ወደ ውስጥ አሻግሮ አየና፣

«ከሾፌሩ ጀርባ ልቀመጥ። እጁን እያየሁ ልሂድ» አለ።

ወንበሩን አንድ ወፍራም ነጋዴ ይዞታል። እኅቲቱ ገብታ ለመነችው።

«ለእብድ ብዬ ነው የምነሳው?» አለ ነጋዴው።

«ለልብስ ሰፊ» አለ የእኛ ሰው ከበሩ ላይ። «እብዱ ኋላ ይቀመጣል።»

ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ። ነጋዴውም እየሳቀ ጓዙን ሰብስቦ ተነሳ። ልብስ ሰፊው ደረጃውን በገዛ እግሩ ወጣ፤ ተቀመጠና ዓይኑን መሪው ላይ ተከለ። እኅቱ ከጎኑ ተቀመጠች። ታላቅ ወንድሙ ገመዱን እንደያዘ አውቶቡሱ እስኪርቅ ቆሞ አየ፤ ሲዞር ዓይኑ እርጥብ ነበር። እኔም ደስታው እግሬን አላሳርፍ ብሎኝ ከተማውን ስዞር ቆይቼ፣ ትምህርት ቤት ስደርስ ደወሉ ተደውሎ ነበር።

ከገና በኋላ ተመለሱ። እሱ ወፍሮ ነበር፤ ክኒኑ እጁን ትንሽ ያንቀጠቅጠዋል፣ መርፌ ላይ ክር ለመሰካትም ጊዜ ይወስድበታል። ገና ሰላምታ ሳንጨርስ ጠየቅሁት።

«ድምፆቹስ? ጠፉ?»

«አልጠፉም። አንዳንድ ቀን ይመጣሉ፤ ግን ዝቅ ብለው ነው የሚያወሩት። እኔም ሥራ ላይ ነኝ እላቸዋለሁ።»

የምጠይቀው ገና ብዙ ነበረኝ፦ መቼ መቼ፣ በየትኛው ቋንቋ፣ ከክኒኑ በፊት ወይስ በኋላ። እሱ ግን የልብስ መለኪያ ሜትሩን አንገቱ ላይ ጣል አድርጎ፣ «ቀጥ ብለህ ቁም፣ መምህር። ሱሪህ አጥሯል» አለኝ፤ እኔም ቆምኩለት።