የብስክሌት መንገዱ ከቤተ ክርስቲያኑ በር ሲርቅ ድልድዩ ቀረ

ዛሬ ጠዋት በደብረ ታቦር ስለ ብስክሌት መንገድ በተጠራው ስብሰባ ላይ ያልኩት ሁሉ ተቀባይነት አገኘ፤ ደስ ግን አላለኝም።

በከተማችን ያሉትን ሁለት የብስክሌት መንገዶች የሚያገናኘው አዲስ መንገድ በቤተ ክርስቲያናችን በር ፊት ሊያልፍ ነበር። ተነሥቼ «ደጁን ሳይሳለም በብስክሌት ሽው የሚል አናይም፤ በጓሮ በኩል ይዙር» አልኩ። ሽማግሌዎቹ ደገፉኝ።

መሐንዲሱ «እሺ አባቴ። ዲዛይኑ ሲቀየር ግን መንገዱ ይረዝማል፤ ጭማሪው የሚሸፈነው ወንዙ ላይ ሊሠራ ከታሰበው ድልድይ በጀት ነው» አለ። እጃችንን አውጥተን አጸደቅን።

(ለስብሰባው የታሸገ ውሃ ታድሎናል። ክረምት ሲገባ ደግሞ በወንዙ ውሃ በሽ በሽ ነው።)

ስወጣ ከወንዙ ማዶ የምታስተምረው የጎረቤቴ ልጅ ብስክሌቷን ይዛ ጠበቀችኝ።

«አባባ፣ ሰኔ ላይ ወንዙ ሲሞላ በምን ልሻገር?»

«የደጁ ክብርስ ልጄ?»

«እኔ እኮ በሩ ጋ ስደርስ ወርጄ፣ ተሳልሜ፣ ብስክሌቴን እየገፋሁ ነው የማልፈው። ጓደኞቼም እንደዚያው። ቢጠይቁን እንነግርዎ ነበር።»

በደጁ ክብር ዛሬም አልደራደርም። ልጆቹ ግን ሲያከብሩት ኖረዋል፤ እኔ ሳልጠይቅ ድልድያቸውን አስቀረሁባቸው።

መሐንዲሱን ተመልሼ ለመንኩት። «አንዴ ጸድቋል» አለኝ።

በእናንተ ከተማስ፣ የሚሄድበትን ሰው ሳይጠይቁ መንገድ ያስቀየሩ ሽማግሌዎች አሉ? እስቲ ጻፉልኝ፤ ብቻዬን አልሁን።