ከተማሪው ጋር ለቀብር ወደ ፉሪ

ይህን የምጽፈው እንደኔ ተማሪ ለምታሳድሩ እህቶች ነው። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነውና ስሕተቱን እለፉት። ስም አልጠራም፤ ለምን እንደሆነ ታውቃላችሁ።

ቤተ ክርስቲያናችን ከታሸገ ወዲህ የነገረ መለኮት ተማሪዎች የአገልግሎት ልምምዳቸውን የሚያደርጉት በየቤታችን እያደሩ ነው። ለኔ የደረሰኝ የወለጋ ልጅ ነው። ቀበሌ ላይ፣ ከባሌ በፊት የወለድኩት፣ አያቱ ዘንድ ያደገ ልጄ ነው ብዬ አስመዝግቤዋለሁ። ጎረቤቶቼ እስካሁን ያሙኛል።

ትናንት በጠዋት የማኅበራችን ሽማግሌ መጣ። "ፉሪ አንድ ገበሬ ወንድማችን አርፏል። ጴንጤ ነው ብሎ እድሩ አልቀብርም አለ። ልጁ ኦሮምኛ ይችላል፣ ይሂድና ይቅበር። አንቺ ውሰጂው" አለኝ። ጎረምሳ ብቻውን መንገድ ከወጣ ይያዛል፤ ከእናት ጋር ከሆነ ግን ለቅሶ ደራሽ ነው። አሠራራችን እንዲህ ነው። የራሴን ልጆች አሰብኩ። ቢሆንም እሺ አልኩ።

ከነፋስ ስልክ ወደ ጎፋ

ንፍሮ በዘንቢል ይዤ፣ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ወጣን። መጽሐፍ ቅዱሱን እንዲተው ነገርኩት፤ "በቃሌ እወጣዋለሁ" አለ። ቀበሌው ሱቅ ደጃፍ የስኳር ሰልፍ ነበር። አንዲት የማውቃት ሴት ከሰልፉ ውስጥ፣

"ማን ሞተ?" አለችኝ።

"የሩቅ ዘመድ።"

"ለሩቅ ዘመድ በዚህ ጭቃ?" ተማሪውን ከእግር እስከ ራሱ አየችው። "ልጅሽስ አባቱን ነው መሰል የመሰለው።"

ከኋላችን ሲስቁ እየሰማሁ አለፍኩ።

ጎፋ ላይ የአብዮት ጥበቃዎች ጠመንጃ አንግተው ቆመዋል። አንደኛው ነጠላዬን አየና "ነፍስ ይማር" ብሎ አሳለፈን። ትንሽ እንዳለፍን አንድ ሻይ ቤት ገብተን በስሙኒ ሻይና ዳቦ ቀመስን።

"ቀብር ተምረሃል?" አልኩት ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

"ተምሬያለሁ፣ እትዬ። ሬሳ ግን አይቼ አላውቅም።"

"ዛሬ ታያለህ። እማዬ በለኝ እንጂ።"

"እሺ፣ እማዬ እትዬ።"

ሳቄ መጣ። ከዚያ በኋላ አልሳቅሁም።

ፉሪ

ከጎፋ ወዲያ አስፋልት የለም። ጥቁሩ አፈር ጫማ ስለሚነጥቅ ጫማችንን በእጃችን ይዘን ሄድን። ግራና ቀኙ ለጋ ጤፍ ነው፤ የፉሪ ተራራ አናቱን ጉም ሸፍኖታል።

ሟቹ በጋቢ ተጠቅልሎ ቃሬዛ ላይ ተኝቷል። ልጆቹ ጓሯቸው ዳር ጉድጓድ ቆፍረዋል። ሚስቱ ደረቷን ልትደቃ እጇን ስታነሳ ተማሪው አጠገቧ ተንበረከከና በኦሮምኛ ለስለስ አድርጎ አናገራት። ተስፋ እንደሌለው ሰው እንዳታለቅስ ነው የነገራት። ሴትዮዋ ጩኸቷን ዋጠችው፤ ሌሎቹም ዝም አሉ። ድምፃችንን ዝቅ አድርገን መዝሙር ዘመርን። ሽማግሌያችን ይህን ቢያይ ብዬ ኮራሁበት።

አፈሩ እየተመለሰ ሳለ የገበሬ ማኅበሩ ጥበቃዎች ከተፍ አሉ። አለቃቸው ከሟቹ ጋር አጥር ለአጥር የሚዋሰን ጎረቤት ነው።

"ለቅሶ ነው ተባልኩ" አለ። "ከጠዋት ጀምሮ ጆሮዬን ጥዬ ነበር፤ አንዲት ሴት ስትጮኽ አልሰማሁም። ሳይለቀስ የሚቀበር የት አገር ነው? ይሄ ስብሰባ ነው።"

"መቃብሩ ይኸውልህ" አለችው ባለቤትየዋ።

"አየሁት። አብሮኝ ያረሰ ሰው ነው፤ ጩኸት ብሰማ እኔም መጥቼ አለቅስለት ነበር። ማነው አታልቅሱ ያላችሁ?"



"እኔ ነኝ" አለ ተማሪው።

"ከማን ጋር መጣህ?"

ወደኔ ዞር እንኳን አላለም። "ብቻዬን። እኚህን እናት መንገድ ላይ ነው ያገኘኋቸው።"

ሊያድነኝ ነው። እግሬ ወደ መንገዱ ሊወስደኝ ምንም አልቀረው። አንደበቴ ግን ቀደመኝ፤ "ልጄ ነው" አልኩ።

"እሱ አያውቅሽም።"

"እናቱን የሚክድ ልጅ አይተህ አታውቅም?"

ከጥበቃዎቹ አንዱ ሳቀ። አለቃው ግን አልሳቀም። "ከሁለት አንዳችሁ ትዋሻላችሁ። ይጣራል" ብሎ የልጁን እጆች ወደኋላ አሰረ። ይሄኔ ነው ባለቤትየዋ የጮኸችው። ሴቶቹ ሁሉ ተቀበሏት፤ ጩኸታቸው ሜዳውን ሞላው፣ ምን ዋጋ አለው።

እስከ ገበሬ ማኅበሩ ጽሕፈት ቤት እየሮጥኩ ተከተልኳቸው። ልጁን አስገብተው በሩን ዘጉ። አለቃው ደጃፉ ላይ ቆሞ፣ "ነገ ስንቅ ይዘሽ ነይ። ስምሽንና ቀበሌሽን እንጽፋለን። ከቀረሽ እናቱ እንዳልሆንሽ እናውቃለን" አለኝ።

መልስ

ዝናብ እየደበደበኝ ብቻዬን ተመለስኩ። ቤት ስገባ ልጆቼ "ወንድማችንስ?" አሉኝ። ባሌ ጉዱን ከሰማ በኋላ፣ "እንዳትሄጂ። ስምሽን ከጻፉ እዚህ ድረስ ነው የሚመጡት" አለ። ሽማግሌውም መጣ፤ ወለጋ ለወላጅ እናቱ ሰው ሊልኩ ነው።

"እስክትደርስ ስንት ቀን ይፈጅባታል?" አልኩት።

"መንገድ ከቀናት ሳምንት።"

"ሳምንቱን ማን ያበላዋል?"



እህቶቼ፣ ተማሪ ሲላክላችሁ ለቅሶ ቤት ከመግባቱ በፊት ንገሩት፦ ሰዎቹ አልቅሰው ይውጣላቸው፣ ስብከቱ ይደርሳል። እኔ በንግግሩ ደስ ብሎኝ ነበር፤ የሚመጣው አልታየኝም። ደግሞም ቀበሌ ሄዳችሁ "ልጄ ነው" ከማለታችሁ በፊት ደጋግማችሁ አስቡ። አንድ ቀን ያንኑ ቃል ጠመንጃ ፊት ድገሙት ትባላላችሁ።

ፍርሃቴ አልለቀቀኝም፤ ሌሊቱን እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። አሁን ነግቷል፤ ስንቁን ቋጥሬያለሁ። ባሌ እንዳትሄጂ ማለቱን አልተወም። ጫማዬን ግን ከጭቃው ጠርጎ በሩ አጠገብ አስቀምጦልኛል።