አልፈርምም ያለችው ኖላዊት

ኖላዊት የጨንቻ ልጅ ናት፤ የሸማኔ ልጅ። ብዙ አታወራም። ግን አንዴ እምቢ ካለች አለች ነው። አርባ ምንጭ ተምራ ከተመረቀች በኋላ ሥራ ስትፈልግ ከረመችና፣ ምዕራብ ዓባያ ያለውን ትልቁን የመስኖ ሥራ በኮምፒውተር ሊያዙት ሲነሱ በኮንትራት ገባች።

ሥራዋን ለሰው ማስረዳት ይቸግራል። ኦንቶሎጂ ይሉታል። ፓምፑም፣ ቦዩም፣ የውኃ በሩም፣ መብራቱም እያንዳንዱ ምንድነው፣ የምን አካል ነው፣ ያለ ምን አይሠራም የሚለውን መጀመሪያ ሰው ይስማማበታል፤ ኮምፒውተሩ የሚታዘዘው ከዚያ ወዲያ ነው። እሷም መካኒኩን፣ የመብራት ሠራተኛውን፣ ገበሬውን አንድ ላይ ታስቀምጣለች። ልክ የጋሞ ሽማግሌ ዱቡሻ በሚሉት የሸንጎ አደባባይ ላይ ተቀምጦ ነገሩ ሳያልቅ እንደማይነሳው፣ እሷም አታስነሳቸውም። ቢሮ ውስጥ «የበሮች ክርስትና እናት» እያሉ ይቀልዱባት ነበር። ፈገግ ትልና ትቀጥላለች።

ጠቡ የመጣው በዚያው በውኃ በሩ ነው። ፕሮግራሙን የሚጽፈው ዕዝራ፣ ቶሎ እንዲያልቅለት ብሎ በሩንና በሩን የሚዘጋውን ሞተር አንድ ዕቃ አድርጎ ጻፋቸው። ሞተሩ ከቆመ ስክሪኑ በሩ ተዘግቷል ይላል። ጎርፍ ደግሞ ግንድ ይዞ ይመጣል። በሩ ግንዱን ነክሶ ግማሹ ክፍት ይቀራል፣ ሞተሩም ይቆማል። ኮምፒውተሩ ተዘግቷል ብሎ ካመነ ፓምፑን ያስነሳል። ታች ቦዩን በደቦ የሚጠርጉት ሰዎች ላይ ውኃው በክፍቱ በኩል ይመጣባቸዋል ማለት ነው።

ለዕዝራ ነገረችው። ከምረቃው በኋላ እናስተካክለዋለን አላት። ሥራው ግን ያለ እሷ ፊርማ አይመረቅም፤ ስለዚህ ኃላፊው አቶ ጋሻዬ አስጠሯት።

«በርና ሞተር አንድ ብረት ነው፣ ልጄ። ፈርሚና እንገላገል።»

«አንድ አይደለም። ሞተሩ ሲቆም ሞተሩ ቆመ ነው እንጂ በሩ ተዘጋ አይደለም።»

«ሰኞ ለምረቃው እንግዶች ይመጣሉ። የአንቺን ፍልስፍና ቁጭ ብለው አይጠብቁም።»

«እንግዶቹ ቦይ ውስጥ አይገቡማ።»

አቶ ጋሻዬ ኮንትራትሽ ሊያልቅ ነው፣ እንጀራሽን አትድፊ አሏት። ጨንቻ ያለው ቤቷ ትዝ አላት። ቢሆንም ተነሳች።

«አልፈርምም። አሁን ከዚህ ወጥቼ ወደ ገበሬዎቹ ነው የምሄደው።»

«ታስፈራሪኛለሽ?»

«ኧረ አይደለም። እነግራቸዋለሁ።»

በባጃጅ ሄደች፣ ነገረቻቸው። ሙዝ የምታለማው ወሰንየለሽ፣ የደቦው ጠሪ፣ ሰምታ ሰምታ፣ በሩ መዘጋቱን በዓይናችን ሳናይ ማንም ቦዩ ውስጥ እግሩን እንዳያስገባ አለች። ሰኞ እንግዶቹ ሲመጡ ገበሬው አካፋውን ይዞ ከቦዩ አፋፍ ላይ ቆሟል። በሩ ተዘግቷል፣ ወርዳችሁ ጥረጉ ቢባል የሚወርድ ጠፋ። ከእንግዶቹ አንዱ ለምን ብሎ ጠየቀ። ወሰንየለሽ ነገረችው። ምረቃው ቀረ።

ዕዝራ በሩን ለብቻው ጻፈው፤ መዘጋት አለመዘጋቱን የሚናገር ዕቃም ከበሩ ላይ ተገጠመ። የኖላዊት ኮንትራት ግን አልታደሰም። አሁን አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር ተከራይታ ሥራ ትፈልጋለች። አቶ ጋሻዬ መንገድ ላይ ሲያዩዋት አንገታቸውን ያዞራሉ። እሷ ግን ቆም ብላ፣ ጮክ አድርጋ፣ እንዴት ዋሉ ትላቸዋለች።