ታንኳው አራት ሰው ይይዛል

ባለፈው ሳምንት፣ ከሰዓት በኋላ፣ በጣና ዳር በእግሬ ስሄድ የራሴን ድምፅ ሰማሁ። ከዋርካው ሥር አግዳሚ ላይ የተቀመጡ ሁለት ተማሪዎች ከያዙት ስልክ ነው የሚወጣው። ቀጭን፣ ችኩል፣ በራሱ እጅግ የተማመነ ድምፅ። «ስለዚህ ይህ ታንኳ አራት ሰው ይይዛል» አለ። አንደኛው ልጅ ቪዲዮውን አቆመና መልሱን ደብተሩ ላይ ጻፈ። ቀና ብለው አላዩኝም፤ ቢያዩኝም ስልኩ ውስጥ ካለችው ባለ ሹሩባ ቀጭን ልጅ ጋር የሚያመሳስለኝ ነገር ብዙ አልቀረም። እኔ ግን እንደ ሌባ እርምጃዬን አፍጥኜ አለፍሁ።

ቪዲዮው ከተቀረፀ ሃያ ዓመት ሊሞላው ነው። መጀመሪያ በሲዲ ተባዛ፣ ቀጥሎ በፍላሽ ዞረ፣ አሁን ደግሞ ልጆች በቴሌግራም ይላላኩታል። መምህር ይታመማል፣ ይዘነጋል፣ ጡረታ ይወጣል፤ የተቀረፀ ትምህርት ግን አንዴ ከእጅ ከወጣ የሚይዘው የለም። ይህን ያህል ዕድሜ እንደሚኖረው ባውቅ ኖሮ ምን አደርግ እንደነበር እንጃ። ምናልባት ያንኑ ነበር የማደርገው፤ ያኔ የነበረችውን ልጅ አውቃታለሁና።

ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። የመራዊ ገበሬ ልጅ ነኝ፤ ከውኃ ጋር የነበረን ትውውቅ ከመስኖ ቦይ አያልፍም። ባሕር ዳር በሚገኝ አንድ ኮሌጅ በፊዚክስ ክፍል ረዳት መምህር ሆኜ ስቀጠር ብቸኛዋ ሴት እኔ ነበርሁ። ሰሌዳ ላይ ቁጥር በጻፍሁ ቁጥር ከኋላዬ የቆመው ሁሉ ስህተት እየፈለገ ይመስለኝ ነበር፤ አንዳንዴም እየፈለገ ነበር። በዚያ ዓመት ኮሌጁ ከመራዊ እስከ ማክሰኝት ለተበተኑት የርቀት ተማሪዎቹ የመግቢያ ፊዚክስን በአሥራ ሁለት የቪዲዮ ትምህርቶች ለመላክ ወሰነ። ነባሮቹ መምህራን «እኛ ተዋናይ አይደለንም» ብለው ሸሹ። እኔ እጄን አወጣሁ።

ባዶ ክፍል ውስጥ ለካሜራ ማስተማር የሚያስፈራ መስሎኝ ነበር፤ ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ሆነ። ተማሪ ፊት ስትቆም ስህተትህን ፊቱ ላይ ታነባለህ፤ አንዱ ቅንድቡን ያነሣል፣ አንዷ ጎረቤቷን በክርኗ ትነካለች፣ ዞር ብለህ ሰሌዳውን ታያለህ። ካሜራ ግን የነገርኸውን ሁሉ ይቀበላል። ስምንት ትምህርት ቀርፀን እስክንጨርስ የሚቃወመኝ ሰው አላጋጠመኝም፤ ይህም እውነቱን ለመናገር ደስ ይለኝ ነበር።

ቀራጩ ጀማል ነው። ቤተሰቦቹ ገበያው አጠገብ ጨርቅ የሚሸጡ ነጋዴዎች ናቸው፤ እሱ ግን ካሜራ ይዞ ሠርግ መቅረፅ ጀምሮ ነበር። እኔንም እንደ ሙሽራ «አገጭሽን ቀና፣ ትንሽ ፈገግ» ይለኛል። ስለ ሰበቃ ኃይል እያወራሁ በምኑ ፈገግ እንደምል ሊገባኝ አልቻለም።

ዘጠነኛው ትምህርት ስለሚንሳፈፉ ነገሮች ነበር። በየመጽሐፉ ያለው ብርጭቆና እንቁላል ሰለቸኝ፤ ጣና እዚሁ እያለ ለምን እንቁላል? የደንገል ታንኳ እንይዝና ስንት ሰው እንደሚጭን በስሌት እናገኛለን፣ ከዚያ ጭነን እናሳያለን አልሁ። አያ አስረስ የሚባሉ ወደ ስድሳ የተጠጉ ሰው፣ ደንገሉን ራሳቸው አጭደው ራሳቸው አስረው ታንኳ የሚሠሩ፣ ከባሕሩ ማዶ ማገዶ የሚያመላልሱ፣ እሺ አሉን። በዋዜማው ደረቁን ታንኳ በእህል ነጋዴ ሚዛን መዘንነው። ርዝመቱንና ውፍረቱን ጀማል ከሱቅ ባመጣው የልብስ ሜትር ለካሁ። ስሌቱን ስሠራው አራት ሰው ወጣ። ሦስት ጊዜ ደጋገምሁት፤ አራት።

የጥቅምት ማለዳ ነበር። ክረምቱ የሞላው ባሕር ገና አልጎደለም፤ ዳር ላይ የበቀለው ደንገል እስከ ግማሹ ውኃ ውስጥ ቆሟል። ታንኳውን በጠዋት አወረድነውና መቅረፅ ጀመርን። ጀመርን ማለት ይቀላል። አንዴ ወደ ገዳማቱ የሚሄድ የሞተር ጀልባ ድምፄን ዋጠው፣ አንዴ ነፋስ ወረቀቴን ወሰደው፣ አንዴ እኔው ራሴ «የተፈናቀለው ውኃ» ማለት አቅቶኝ ምላሴ ታሰረ። ሰባት ጊዜ ደገምን። ታንኳው ይህን ሁሉ ጊዜ ውኃ ላይ ነው።

ምሳ በጋዜጣ የተጠቀለለ የተጠበሰ ቆሮሶ ዓሣ ነበር፤ በዳጣ እያጠቀስን በላን። እሾሁን እየለቀምን ሳለ አያ አስረስ ተነሥተው ታንኳውን ወደ ዳር ይጎትቱ ጀመር። ከዛፍ አስደግፈው ሊያቆሙት ነው። በዚያ ዳርቻ በታንኳ የሚተዳደር ሰው ሁሉ እንዲህ ነው የሚያደርገው፤ ጥቂት ሰዓት የሠራ ታንኳ ወጥቶ፣ ቆሞ፣ ፀሐይ ይሞቃል።

«ምን እያደረጉ ነው አያ አስረስ? የመጨረሻው ቀረን እኮ» አልሁ።

«ለዛሬ ይብቃው ልጄ። ውኃ ጠጥቷል። ነገ ደርቆ እናወርደዋለን።»

እኔ ነገ የሚባል አልነበረኝም። ካሴቱ በማግሥቱ ጠዋት ለሚያባዙት ሰዎች መድረስ ነበረበት፤ የክፍሉ ኃላፊም «ካልቻልሽ ንገሪኝ» ብለውኛል። ይህቺ «ካልቻልሽ» የምትባል ቃል ዛሬም ታናድደኛለች። ወረቀቴን አውጥቼ አሳየኋቸው፤ ክብደቱን፣ መጠኑን፣ ከታች የተሰመረበትን አራት ቁጥር።

«ይኸው ተሰልቷል። አራት ሰው ይችላል። እኛ ሦስት ነን፤ በአራተኛው ፋንታ አንድ ጆንያ አሸዋ ነው የምንጭነው።»

አያ አስረስ ማንበብ አይችሉም። ወረቀቱን ግን በሁለት እጃቸው ተቀብለው እንደ ፍርድ ቤት መጥሪያ ረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ታንኳውን አዩ። ከዚያ እኔን።

«እንግዲህ እናንተ የተማራችሁት ካላችሁ» አሉና ታንኳውን መልሰው ገፉት።

ጀማል እጄን ያዝ አደረገኝ። «እናኑ፣ ሰውዬው እኮ አይሆንም እያሉ ነው። እኔ ደግሞ ዋና አልችልም።»

«እኔስ መቼ እችላለሁ? ፊዚክስ ነው ጀማል!» አልሁት። እንዲህ ነበር ያልሁት፤ ቃል በቃል።

ጆንያው እንዳይንሸራተት እኔው ራሴ በገመድ ከታንኳው ጋር ጠፍሬ አሰርሁት። ጀማል ከፊት፣ ፊቱን ወደ እኔ አዙሮ ካሜራውን ይዞ ተቀመጠ፤ እኔ መካከል፣ አያ አስረስ ከኋላ መቅዘፊያቸውን ይዘው። ከደንገሉ ወጣን። ታንኳው ተንሳፈፈ። እጆቼን ዘርግቼ፣ ካሜራውን እያየሁ፣ «ስለዚህ ይህ ታንኳ አራት ሰው ይይዛል» አልሁ። ሰባት ጊዜ እምቢ ያለው በስምንተኛው ተሳካ። ተማሪዎች የሚያዩት ቪዲዮ የሚያበቃው እዚህ ላይ ነው።

መጀመሪያ የቀዘቀዘኝ መቀመጫዬ ነው። ውኃው በደንገሉ መካከል ለመካከል ሽቅብ እየመጣ ነበር። በአንድ ቀዳዳ ቢሆን እንደፍነው ነበር፤ ይህ ግን ከሁሉም ቦታ ነው የሚመጣው። በዚያ ላይ የከሰዓቱ ነፋስ ተነሣ። ትንንሽ ማዕበል ጎናችንን ሲመታ ታንኳው እንደ ጠዋቱ ብድግ አይልም፤ ዘፍ እንዳለ ይቀራል። ዞር ብዬ ሳይ ዳሩ ርቋል። ነፋሱ የሚገፋን ዓባይ ከባሕሩ ወደሚወጣበት ነው፤ እዚያ ውኃው የተኛ መስሎ ይጎትታል፣ ጉማሬም አይጠፋም።

«ጆንያውን ጣሉት!» አሉ አያ አስረስ።

ገመዱን ያዝሁት። ረጥቦ ጠብቋል። በጥፍሬም በጥርሴም ሞከርሁ፤ ቋጠሮው አልፈታ አለ። ውኃው ጭኔ ላይ ደረሰ። ልነሣ ስል ታንኳው ወደ አንድ ጎን አዘመመና ጀማል «ያ ረብ!» ብሎ ጮኸ። በአንድ እጁ ካሜራውን ከራሱ በላይ አንሥቷል፣ በሌላው ደንገሉን ጨምድዷል፣ ዓይኑን ጨፍኗል። ለእናቱ አንድ መሆኑ ያኔ ትዝ አለኝ። ለእሳቸው ምን ብዬ ልነግራቸው ነው የሚለው ሐሳብ ከራሴ ሞት በላይ አስፈራኝ።

«ቁጭ በይ! ማንም እንዳይነሣ!»

አያ አስረስ ድምፃቸውን ከፍ ሲያደርጉ ሰምቼ አላውቅም ነበር። መቅዘፊያውን ጭኔ ላይ አስቀመጡልኝና፣ ጋቢያቸውን ጥለው፣ እንደተቀመጡ በጎን ወደ ውኃው ገቡ።

ጥለውን የሄዱ መሰለኝ። ይህን ማሰቤን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ወዲያው ግን ታንኳው ከሥሬ ከፍ ሲል ተሰማኝ፤ የአንድ ሰው ክብደት ያህል። አያ አስረስ የታንኳውን ጫፍ በሁለት እጃቸው ይዘው በእግራቸው እየገፉ ነው፤ ከውኃው በላይ የሚታየው ራሳቸው ብቻ ነው። «ቅዘፊ» አሉኝ። «ወደ ደንገሉ። በግራ፣ በግራ ብቻ።»

ቀዘፍሁ። ጀማል ካሜራውን ማጥፋት ረስቶ ስለነበር ስንት ጊዜ እንደፈጀ ዛሬ አውቃለሁ፤ አሥራ አንድ ደቂቃ ነው። ያኔ ግን የምቆጥረው ደቂቃ ሳይሆን ከኋላዬ የሚመጣውን ትንፋሽ ነበር። ሲያስሉ እሰማለሁ፣ ሲተነፍሱ እሰማለሁ፤ ዝም ሲሉ ልቤ ቀጥ ይላል። አንዴ ዝምታው ረዘመብኝና «አያ አስረስ!» ብዬ ጮህሁ። «አለሁ፤ ቅዘፊ» አሉ። ደንገሉ ውስጥ ስንገባ ታንኳው ከነጆንያው ከሥራችን ሰመጠ፤ እግሬ ጭቃ ነካ። ጀማል ቆሞ አለቀሰ። እኔም አለቀስሁ።

አያ አስረስ ዳር ላይ ተቀምጠው ጥርሳቸው እስኪንገጫገጭ ይንቀጠቀጣሉ። ዳር ትቼው የነበረውን ደረቅ ነጠላዬን አለበስኋቸው። ይቅርታ ልላቸው አፌን ስከፍት እሳቸው ቀደሙኝ።

«ጥፋቱ የኔ ነው ልጄ» አሉ። «አንቺ አታውቂም። እኔ እያወቅሁ ወረቀትሽን ፈራሁት።»

በማግሥቱ ካሴቱን አስረከብሁ። አሥራ አንዱን ደቂቃ ጀማል ቆርጦታል፤ ቁረጠው ያልሁት እኔ ነኝ። ለራሴ የሰጠሁት ምክንያትም ነበረኝ፤ ስሌቱ እኮ ልክ ነው፣ ለደረቅ ታንኳ። የጠጣውን ውኃ አለመደመሬ ነው ጥፋቱ። ይህን ለተማሪ ለመናገር አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃ ነበር። ግን አንዷን ብናገር «በምን አወቅሽ?» ይመጣል፣ ከዚያ ሁሉም ይመጣል፣ ከዚያ «ካልቻልሽ ንገሪኝ ብዬሽ ነበር» ይመጣል። ኃላፊው ቪዲዮውን አይተው አመሰገኑኝ። አያ አስረስ ሁለት ሳምንት በሳንባ ምች ተኝተው ተነሡ፤ ብዙ ዓመት ኖረው በሌላ ሕመም አረፉ። ልጠይቃቸው በሄድሁ ቁጥር ስለዚያ ቀን አንሥተው አያውቁም፤ እኔም ብርቱካኔን አስቀምጬ፣ ስለ ዝናቡ አውርቼ እመለስ ነበር። የሆነ ቦታ ታንኳ ሰጠመ የሚል ወሬ በሰማሁ ቁጥር ግን የመጀመሪያ ጥያቄዬ «ተማሪ ነበረበት ወይ?» የሚል ነው።

ከዋርካው ሥር ድምፄን ከሰማሁ በኋላ አላስቻለኝም። ሰኞ ዕለት ክፍል ገብቼ የዕለቱን ትምህርት ትቼ ይህንኑ ነገርኋቸው፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ጆንያውን ማን እንዳሰረው ሳይቀር። ቀለለኝ፤ እንዲያውም በራሴ ትንሽ ኮራሁ። ተማሪዎቹ ሲወጡ አንድ ልጅ ወደኋላ ቀረ። የጎርጎራ ልጅ ነው፤ ፊት ወንበር የሚቀመጥ፣ ጥያቄ ጠይቆ የማያውቅ።

«መምህር፣ አባቴ ታንኳ ሠሪ ነው» አለኝ። «ቪዲዮውን ሳየው ታንኳው ዝቅ ማለቱን አይቻለሁ። እንደጠጣ አውቄ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልነገርኸኝም?»

መሬት መሬት እያየ ፈገግ ለማለት ሞከረ። «ፈተና ላይ የሚፈለገው አራት ነው ብዬ ነዋ።»

ጎንበስ ብሎ በትሕትና ተሰናበተኝና ወጣ። እሱም እንደ አያ አስረስ እያወቀ ወረቀቴን ፈርቶ ኖሯል። አያ አስረስን ውኃ ውስጥ ያስገባሁት አንድ ቀን ብቻ ይመስለኝ ነበር።