የመቅረዙ አንገት

ሀሩን መርካቶ ውስጥ ናስ ሲቀጠቅጥና ሲበይድ ሠላሳ ዓመት ኖሯል። ዲቪ ደርሶት ዳላስ ሲገባ ግን ሙያውን የጠየቀው ሰው አልነበረም፤ የአንድ ሙዚየም ጥበቃ ሆኖ ተቀጠረ። እንዲጠብቀው የተመደበበት አዳራሽ የጥንት የእስላም አገሮች ፋኖስና መቅረዝ የሚታይበት ነው።

ከሰባት መቶ ዓመት በፊት ካይሮ ተሠራ የሚባል፣ በብር ያጌጠ አንድ የናስ መቅረዝ አለ። ሀሩን ለወራት አጠገቡ ሲቆም አንድ ነገር ከነከነው። እግሩ በመዶሻ የተሠራ ነው፤ ሻማ የሚሰካበት አንገቱ ግን ናስ ቀልጦ ቅርጽ ማውጫ ውስጥ ፈስሶ የተሠራ። ሁለቱን ያጋጠመው ብየዳ ደግሞ የጀማሪ እጅ ነው። አንገቱ የሌላ መቅረዝ እንደነበር አልተጠራጠረም።

እንግሊዝኛው ለደብዳቤ ስለማይበቃ ሙሉጌታን ለመነው። ሙሉጌታ የሥራ ባልደረባው ነው፤ ማታ ወደ ሌዊስቪል ሲመለስ ሀሩንን በመኪናው ካሮልተን ቤቱ ያደርሰዋል። ሀሩን ነገረው፣ ሙሉጌታ ጻፈ፤ ደብዳቤውንም ራሱ በክፍሉ ኃላፊ ቢሮ በር ሥር አስገባው።

ደብዳቤው ከገባ በስምንተኛው ወር ኃላፊዋ ስለ መቅረዙ ሌክቸር ሰጠች። ሀሩን በር ላይ ቆሞ የገዛ ሐሳቡን አንድ በአንድ ሰማ። መጨረሻ ላይ ስሙን ላልገለጸ አንድ ባለሙያ ምስጋና አቀረበች፤ ሰው ሁሉ አጨበጨበ።

ሰዉ ሲወጣ ጠጋ ብሎ ደብዳቤው የእሱ መሆኑን በተሰባበረ እንግሊዝኛ ነገራት። ሴትዮዋ የደንብ ልብሱን አየች። ከዚያ አጠገቡ ወደቆመው ሙሉጌታ ዞራ እውነት እንደሆነ ጠየቀችው። ሙሉጌታ ስለ ደብዳቤ የሚያውቀው ነገር እንደሌለ መለሰ። እሷም ፈገግ ብላ መልካም ምሽት ተመኝታላቸው ሄደች።

ፓርኪንጉ ጋ ሲደርሱ ሀሩን ቆመ።

«ስሜን ደብዳቤው ላይ ለምን ሳትጽፈው ቀረህ?»

«ጋሽ ሀሩን፣ ጥበቃ በዕቃው ጉዳይ እንዳይገባ ተብለናል። ሱፐርቫይዘሩ ቢሰማ ፋየር ያደርግዎት ነበር። ማለቴ... ሁለታችንንም።»

«ዛሬስ? ዛሬ ስትጠይቅህ?»

ሙሉጌታ የመኪናውን በር ከፈተለት።

ሀሩን በዚያን ቀን በባቡር ሄደ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሥራውን ለቆ አውሮፕላን ማረፊያ ሻንጣ ጫኝ ሆነ። ሙሉጌታ ደጋግሞ ደወለለት፤ አንድም ቀን አላነሳለትም። የሀሩን ሚስት ሙሉጌታ ያደረገው ፈርቶ እንደሆነ ነግራው ልታስታርቃቸው ሞከረች። ሀሩን የሙሉጌታን መፍራት ያውቃል። እሱ ራሱም ደብዳቤው ሲጻፍ ፈርቶ ነበር፤ ግን ስሜ ይጻፍ ብሎ ነበር።