ደብተር ውስጥ የተያዘው መድፍ

የታሰርኩት በመድፍ ነው። መድፉ ደብተሬ ውስጥ ነበር።

ከረፋዱ አምስት ሰዓት ግድም ሦስት ሰዎች ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሠፈር ያለው ቤቴ መጥተው ፍራሼን ሳይቀር ገለበጡ። ጥይት ፈልገው አጡ። መደርደሪያው ላይ ግን አንድ ደብተር አገኙ፤ ውስጡ የድሮ የጀርመን የጦር መርከብ መድፍ በእርሳስ ተሥሏል፤ ከጎኑ «24 ሳንቲ ሜትር» ይላል። ገጹን የገለጠው ልጅ እግር ፊቱ በራ። ያን ቀን ያገኘው እኔን ሳይሆን ሹመቱን ሳይመስለው አልቀረም።

የወሰዱኝ ፖሊስ ጣቢያ የእስረኞች ክፍል ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። የድሬ ፀሐይ ሲያነደው ይውልና ግድግዳው እስኪመሽ ድረስ ጀርባ አያስነካም። ሽንትና ላብ ይሸታል። ገብቼ ገና ሳልቀመጥ፣ የቀፊራ ገበያ በርበሬ ነጋዴ የሆነ አንድ ጎልማሳ፣

«ምን አድርገህ ነው?» አለኝ።

«የመርከብ መድፍ ስዬ።»

«አቦ! ባሕሩን የት አግኝተህ? ደቻቱ ላይ ልታንሳፍፈው ነው?»

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ደቻቱ ዝናብ ካልመጣ በቀር ወንዝ ሳይሆን አሸዋ ነው። እኔም አብሬ ሳቅኩ፤ ምን ላድርግ?

ሲረጋጉ ነገሩን አስረዳኋቸው። ሠላሳ ዓመት በባቡሩ ወርክሾፕ ሠርቻለሁ። የባቡር ጎማ ላይ የሚጠልቀው የብረት ቀለበት በእሳት ሞቆ፣ ሰፍቶ ነው የሚገባው፤ ሲበርድ ጎማውን ጨምቆ ይይዛል። ጡረታ ስወጣ ይህን ሥራ ለቴክኒክ ተማሪዎች በአማርኛ ልጽፍላቸው ተነሳሁ። ሳነብ ሳነብ በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን የጀርመን የባሕር መድፍ ላይ ደረስኩ። መጀመሪያ መድፉን ከአንድ ድፍን ብረት ነበር የሚቦረቡሩት፤ አንዳንዱ እየፈነዳ የገዛ ተኳሾቹን ፈጀ። ኋላ የመድፉ ቱቦ ላይ የጋለ ቀለበት አጠለቁበትና ሲበርድ አንቆ ያዘው። የኛው ሥራ እኮ ነው! የባቡር ጎማውን ቀለበትም መድፉንም የሠራው ያው አንድ ፋብሪካ ነበር።

«ከእንግሊዙ መድፍ ጋር ሲፈተን መጀመሪያ ተሸነፈ» አልኳቸው። «በኋላ ሲታይ ጥፋቱ የባሩዱ ነበር። ቀስ ብሎ የሚነድ ባሩድ ሲያጎርሱት ያው መድፍ ለፈተና የቆመለትን የመርከብ ብረት በሳው።»

ነጋዴው፣ «ወላሂ፣ መድፍ እንኳ ሁለተኛ ጊዜ ይሰሙታል» አለ።

በአራተኛው ቀን መርማሪው አስጠራኝ። ትሑት ሰው ነበር፤ ትሕትናው ነው ይበልጥ ያስፈራኝ።

«አባት፣ እኔ ስለ ብረት አላውቅም» አለኝ። «ባለሙያ አስመጥቻለሁ። የድሮ ታሪክ ነው ካለ ዛሬውኑ ቤትዎ ይገባሉ።»

በሩ ተከፈተና ባለሙያው ገባ። ወርክሾፕ ውስጥ አብሮኝ የኖረ፣ ቀለበት ማሞቅ ራሴ ያስተማርኩት ሰው ነው። ተረፍኩ አልኩ። ደስታዬን መደበቅ አቅቶኝ ከወንበሬ ብድግ አልኩ።

እሱ ቀና ብሎ አላየኝም። ገጾቹን ገለበጠ፣ ሥዕሉ ላይ ቆመ፣ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ሊሠራ ይችላል» አለ።

«የት?»

«እኛ ወርክሾፕ።»

ያጎረስኩት እጄን ነከሰኝ። ቃሉን በጽሑፍ አስቀምጦ ፈረመ፣ ወጣም። መርማሪው ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋ አደረገው።

«ከሥር ትክክል ነው ብለው ይፈርሙ። ዕድሜዎን አይተን በምክር እንለቅዎታለን።»

እውነቱን ልናገር፤ ልፈርም ነበር። ሚስቴ ምሳ ይዛ ከዘበኛው ጋር ስትከራከር ድምጿ ይሰማኛል። ቤቴ መግባት አምሮኛል። እስክሪብቶውን ተቀበልኩና የባለሙያውን ቃል አንድ ጊዜ አነበብኩት። ከዚያ ከሥሩ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦

«ይህ መድፍ አሥራ አምስት ቶን ገደማ ነው። ወርክሾፑ ውስጥ እሱን የሚይዝ የብረት መቅረጫ ቶርኖም የሚያሞቅ ምድጃም የለም። ባለሙያው ይህን ያውቃል፤ ያስተማርኩት እኔ ነኝ።»

ፈርሜ መለስኩለት። መርማሪው ሁለት ጊዜ አነበበው።

«በገዛ እጅዎ ነው እንግዲህ» አለኝ።

አራት ወር ተጨመረብኝ። ክስ ሳይመሠረት ለቀቁኝ፤ ደብተሩን ግን አልመለሱልኝም። እንደገና ልጽፈው ብዬ ብዙ ጊዜ ተቀምጫለሁ፤ እጄ እሺ አይለኝም። ለማን ነው የማስተምረው እያልኩ እተወዋለሁ።

ባለፈው ወር ከዚያ ባለሙያ ጋር ሠፈር ውስጥ ለቅሶ ላይ ተገናኘን። ድንኳኑ ውስጥ ሌላ ባዶ ወንበር ሞልቶ ሳለ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ።

«ጋሼ፣ ያን ቀን እውነቱን ብናገር እኮ እኔንም ያስገቡኝ ነበር» አለኝ በለሆሳስ።

«አውቃለሁ» አልኩት። «እዚያ ክፍል ብትገባ ጠጋ እልልህ ነበር።»

ቀልድ መስሎት ሳቀ። እኔ የምሬን ነበር።