የእትዬ ሙሉነሽ ጨው

አዲስዓለምን የማውቃት ከልጅነቷ፣ መርካቶ ከሰባተኛ ዝቅ ብሎ ባለው ሰፈራችን የእናቷን ቀሚስ ይዛ ቆጮ ተራ ስትመላለስ ጀምሮ ነው። እናቷ እትዬ ሙሉነሽ ከባለቤታቸው ጋር ከከምባታ መጥተው፣ ቆጮ ሲሸጡ የኖሩ ሴት ነበሩ። ከገበያተኛ ጋር በአማርኛ፣ ከልጃቸው ጋር በከምባትኛ ያወሩ ነበር። ልጅቱም አድጋ ዩኒቨርሲቲ ስትገባ የቋንቋ ጥናት መረጠች።

"እሱ ደግሞ ገበያ ላይ ምን ያወጣል?" ብለው ጎረቤቶች ሲጠይቋቸው፣ እትዬ ሙሉነሽ "ወሬ ነዋ! እኛ በነፃ የምናባክነውን" ይሉ ነበር።

ነገሩ እውነት ሆነ። በመጽሐፍም በስልክም እምብዛም ቦታ ያላገኙ ቋንቋዎችን ለኮምፒውተር የሚያስተምር ድርጅት ቀጠራት። የሥራው አካሄድ ቀላል ነው። ተናጋሪው ሥዕል ይታየውና የነገሩን ስም ይናገራል። ሌላ አድማጭ ደግሞ ድምፁን ከሥዕሉ ጋር አስተያይቶ "ትክክል" ወይም "ስህተት" ይላል። ስህተት የበዛበት ሰው ድምፁ በሙሉ ይሰረዛል። ይህን ደንብ ያወጣችው ራሷ አዲስዓለም ናት፤ ያኔ ሁሉም አመስግነዋት ነበር።

መርካቶ ውስጥ ግን ድምፅ የሚቀዳበት ጸጥታ ከየት ይምጣ? ብርድ ልብስ አከፋፋዩ ቡርሃን መጋዘኑን ፈቀደላት። እስከ ጣሪያ በተደረደረው ብርድ ልብስ መካከል የተሸካሚው "ዞር በል!"ም የታክሲው ጥሩምባም ታፍኖ ይቀራል።

"እትዬ ሙሉነሽ፣ አርቲስት ሆኑ አሉ!" አላቸው ቡርሃን፣ ለመቀዳት የመጡ ዕለት።

"አንተ ደግሞ! ይልቅ የብርድ ልብስህን ዋጋ ቀንስ።"

ብዙ ሥዕል ካለፈ በኋላ የጨው ሥዕል መጣ። እትዬ ሙሉነሽ ልጅቱ ቤት ውስጥ ስትሰማው ያደገችውን ስም ተናገሩ።

"እማዬ፣ እሱን ሳይሆን ሰው ሁሉ የሚለውን በይው።"

"አልለውም።"

በአገራቸው ልማድ ያገባች ሴት የአማቷን ስም አትጠራም። ስሙን ብቻም አይደለም፤ ስሙ በሚጀምርበት ድምፅ የሚጀምሩትን ቃላት ሁሉ ትታ፣ ያገቡት ሴቶች ያስለመዷትን ሌላ ቃል ትናገራለች። ለእትዬ ሙሉነሽ ጨው ከነዚያ አንዱ ነበር።

"አያቴ እኮ ከሞቱ ቆዩ።"

"ቢሞቱስ? አማቴ መሆናቸው ቀረ?"

"ማሽኑ አይገባውም እማዬ።"

"ታዲያ አስተምሪው! ደመወዝ የሚከፍሉሽ ለምንድን ነው?" አሉና ነጠላቸውን ሰበሰቡ። "በቃ? ልሂድ? ደንበኛ እየጠበቀኝ ነው።"

በዚያው ክረምት እትዬ ሙሉነሽ ታመው ዐረፉ። አዲስዓለም ድንኳን ውስጥ እንግዳ ስታስተናግድ፣ ወንበር ስታቀራርብ ሰነበተች። ስታለቅስ ያየ የለም። ከዚያ ሥራዋ ተመለሰች። "ምሳ በላሽ?" ሲሏት "በላሁ" ትላለች። ምን እንደበላች ቢጠይቋት ግን አታውቀውም። ቡርሃን "ይቺ ልጅ ብርድ ልብሶቼ መሃል ቀርታለች" ይለኝ ነበር።

አንድ ቀን የሥራ ባልደረባዋ ፍስሐ ደወለላት።

"ዓርብ የሚሰረዙት ድምፆች ተለይተዋል። አንዱ… የእናትሽ ነው። ስህተት በዝቶባቸዋል።"

"ስህተት አይደለም። አድማጮቹ ያላገቡ ወጣቶች ናቸው፤ የሴቶቹን ቃል አያውቁትም።"

"እኔማ አምንሻለሁ። ግን አንድ ሰው ብቻ የተናገረውን ቃል ደንቡ አይቀበልም። ደንቡ ደግሞ ያንቺው ነው።"

"ሌላ ሰውም ቢለውስ?"

"እሱማ ሌላ ነገር ነው። ግን ከዓርብ በፊት መሆን አለበት።"

ስልኩን ዘግታ ቆጮ ተራ ወረደች። የአጎቷ ሚስት እትዬ ስንታየሁ ከእናቷ መደብ አጠገብ ይሸጣሉ፤ የሁለቱም አማት አንድ ሰው ነበሩ። የጨውን ሥዕል በስልኳ አሳየቻቸው። እትዬ ስንታየሁ ያንኑ የእናቷን ቃል ተናገሩና ቢላቸውን ቆጮው ላይ አጋደሙት።

"ምን ትጠይቂኛለሽ? የናንተ ሰዎች አባረውኝ የለ!"

"ማን አባረረዎት?"

"ድምፄን የሰጠሁ ሰሞን አንዱ ጎረምሳ ደውሎ 'እናቴ፣ ከተማ ቆይተው ቋንቋዎ ጠፍቶብዎታል' አለኝ። እኔን! እዚያ ማዶ የምትሸጠዋንም እንዲሁ ብሏታል። አፍረን ዝም አልን።"

አዲስዓለም ቆማ ቀረች። ተሸካሚ ገፍቷት አለፈ፤ ዞር አላለችም። "ነገ መጋዘኑ ይመጣሉ?" አለች በመጨረሻ።

"እንዳልረሳሁ ይጽፉልኛል?"

"ይጽፉልዎታል።"

በማግስቱ እትዬ ስንታየሁ ሌሎቹንም ሴቶች አስከትለው መጡ። እያንዳንዷ የአማቷ ስም የከለከላትን ቃል እየተወች፣ የራሷን ተናገረች። ጨው ላይ ሲደርሱ ከእትዬ ስንታየሁ ሌላም የእናቷን ቃል ያለች ተገኘች። ፍስሐ ተቀበለው። ደንቡም ተለወጠ፤ አድማጭ የማያውቀው ቃል ሲመጣ ያገቡ ሴቶች ሳይጠየቁ አይሰረዝም። የእትዬ ሙሉነሽ ድምፅ ዳነ።

አዲስዓለምን ከዚያ በኋላ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ ታክሲ ስትጠብቅ አገኘኋት።

"ስልኩ አሁን ያውቀዋል ጋሼ" አለችኝ። "የእማዬን ጨው።"

"እሰይ! ምን ተሰማሽ?"

"እንጃ። ምንም።" ታክሲው የሚመጣበትን አቅጣጫ አየች። "ድምፁን ለመጨረሻ ጊዜ ያስተካከልኩት እኔ ነኝ። ቃሉ ብቻ ነው የሚቀረው፤ የፊቱና የኋላው ይቆረጣል። 'በቃ? ልሂድ?' የምትለውን ቆረጥኩት።"

"ለራስሽ እንኳ አላስቀረሽውም?"

"የት ላድርገው ጋሼ? ሥዕል የለውም እኮ።"

ታክሲው መጣ። ሰው ሲጋፋ ቆማ ጠበቀችና መጨረሻ ላይ ገባች።